አናይሪን ቤቫን፤ ከከሰል ጉድጓድ እስከ ሕዝብ ሐኪም ቤት



እንደሚታወቀው በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለሰው የሚጠቅም ሥራ ሠርተው ያለፉ ሰዎችን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ የቆየ ልማዳችን ነው። የዘንድሮው ባለታሪክ የሩቅ አገር ሰው ናቸው። የአገራችን ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ፈረንጅ አገር የተሻገራችሁት የሚለን እንደማይታጣ እናውቃለን። ነገሩ ወዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት ጡሩምባ ተነፍቶ ከሸኘናቸው ወገኖቻችን መካከል፣ ሕመሙ ሳይጠናባቸው ሐኪም ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም አብረውን የሚሆኑ ነበሩ። ያልሄዱት ንቀው አይደለም። የካርዱ፣ የምርመራውና የመድኃኒቱ ዋጋ አስፈርቷቸው፣ ዛሬ ይሻለኛል ነገ ይሻለኛል እያሉ ሰንብተው ነው። በሞቱ ጊዜ እኛ ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ሣጥን ገዛን፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ለቤተሰቡም የሚገባውን ገንዘብ ቆጥረን ሰጠን። ሥርዐቱን አላጐደልንም። ሆኖም ከለቅሶው መልስ፣ ይኸው ገንዘብ ቀደም ብሎ ለመድኃኒት ውሎ ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችን አፍ ወጣ። ጥያቄውም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለውይይት ይቀርባል።

እንግዲህ ከዚያ በፊት፣ የመዋጮ ማኅበር ባለበት ከተማ አድገው፣ በዚያ ያዩትን አሠራር ለአንድ አገር ሕዝብ በሙሉ ለማድረስ የበቁትን ሰው ታሪክ ማወቁ ይበጃል ብለን አሰብን። ዓመተ ምሕረቱ ለይተን ካልጠቀስን በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ትውልድና ዕድገት

አናይሪን ቤቫን ኖቬምበር 15 ቀን 1897 በብሪታንያ ውስጥ፣ በደቡብ ዌልስ፣ ትሬዲጋር በተባለች ከተማ ተወለዱ። ትሬዲጋር በተራሮች መካከል የምትገኝ፣ ከሰልና ብረት የፈጠራት ከተማ ናት። አባታቸው ዴቪድ ቤቫን የከሰል ማዕድን ቆፋሪ፣ እናታቸው ፊቢ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከወለዷቸው 10 ልጆች ከፊሎቹ ገና በልጅነታቸው ተቀጭተዋል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ በሠራተኛው ሰፈር፣ የሕፃን ሬሳ ማውጣት እንግዳ ነገር አልነበረም።

ልጁ ቤቫን በትምህርት ቤት እምብዛም አልቀናቸውም። ምላሳቸው ይያዝ ነበርና ይንተባተባሉ። በ13 ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው ከሰል ጉድጓድ ገቡ። ቀን ከመሬት በታች ሲቆፍሩ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ሠራተኞቹ ካቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ያነባሉ። አንደበታቸውንም ያፍታቱት በዚሁ መንገድ ነው። የሚያደናቅፋቸው ቃል ሲያጋጥማቸው በሌላ ተመሳሳይ ቃል ለመተካት ሲሉ እጅግ ብዙ ቃላት አጠኑ፤ ተራራ ለተራራ እየሄዱም ብቻቸውን ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር። እንዲያ ሲንተባተቡ ያደጉት ልጅ ኋላ በፓርላማ ከቸርችል ጋር ፊት ለፊት የሚሟገቱ፣ በዘመናቸው ከታወቁት ተናጋሪዎች አንዱ ለመሆን በቁ። እንዲያው የእግዜር ሥራ!

በ1919 የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ረድቷቸው ለንደን በሚገኝ የሠራተኞች ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተማሩ። በ1921 ወደ ትሬዲጋር ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ሥራ አጥነት ነው። የማዕድኑ ባለቤቶች ሠራተኛ የሚያሳድም ሰው ነው ብለው ስለ ፈሯቸው ፊት ነሷቸው። ዐይናቸውንም በማዕድን ቆፋሪዎች ላይ የሚደርስ በሽታ ይዟቸው ነበር።

በ1925 አባታቸው ዴቪድ ቤቫን ሞቱ። የገደላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲስቡት የኖሩት የከሰል ብናኝ ነው፤ ሳንባቸውን ጨርሶት ነበር። ያረፉትም በልጃቸው እቅፍ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜው ሕግ ይህን ሕመም ከሥራ የሚመጣ በሽታ ነው ብሎ ስላልተቀበለ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለ ካሣ አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ የሠራ ሰው፣ ሥራው ገድሎት፣ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። ይህ ለልጅ የሚረሳ ነገር አይደለም።

የትሬዲጋር የሕክምና መረዳጃ ማኅበር

አሁን ለኛ ለዕድርተኞች ይበልጥ ወደሚጠቅመው ነገር እንምጣ። በትሬዲጋር ከተማ የማዕድንና የብረት ሠራተኞቹ ከ1890 ጀምሮ አንድ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። አባሉ ጤነኛ ሳለ ከደመወዙ ጥቂት ይሰጣል፤ የታመመ ቀን ይታከማል። መዋጮው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዝ 3 ፔኒ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለ ነበረ፣ በኛ ቋንቋ ከ80 ብር ላይ 1 ብር እንደ ማለት ነው።

በዚህች ሳንቲም ማኅበሩ የራሱን ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪም፣ መድኃኒት ቀማሚዎችና ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታይ ነርስ ቀጥሮ ያሠራ ነበር። ሚስትም ልጆችም አብረው ይታከማሉ። እየዋለ እያደረ ከከተማው ሕዝብ አብዛኛው በማኅበሩ ጥላ ሥር ገባ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ከተማ ካገለገሉት ሐኪሞች አንዱ ኤ. ጄ. ክሮኒን የተባሉ ሰው ሲሆኑ፣ ኋላ ደራሲ ሆነው በ1937 ስለ ማዕድን ከተማ ሐኪም ኑሮ በጻፉት ልብ ወለድ በዓለም ታወቁ።

ይህን የሚያደንቅ ሰው የቀረው የአገሪቱ ክፍል እንዴት እንደ ነበረ ማወቅ አለበት። በ1911 የወጣው የብሪታንያ የኢንሹራንስ ሕግ ደመወዝተኛውን ሠራተኛ በሰፈር ሐኪም እንዲታይ ያደርግ ነበር እንጂ ሚስቱንና ልጆቹን አይጨምርም። ስለዚህ በብዙ ቤት ባል ሲያመው ሐኪም ይጠራል፤ እናት ሲያማት ግን ሻይዋን ጠጥታ ችላ ትሠራለች። ለሐኪሙ የሚከፈለው ለልጆቹ ዳቦ ከሚገዛበት ላይ ነውና። እኛስ ቤት ስንት እናቶች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት?

ቤቫን በ1922 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በ1926 በመላው ብሪታንያ ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ በተደረገ ጊዜም በከተማቸው ሠራተኞቹን መርተዋል። ከዚያ በኋላ በትሬዲጋር ሐኪም ቤት አስተዳደር ኮሚቴ ውስጥ ገብተው ሠሩ። አልጋ ስንት እንደሚፈጅ፣ ሐኪም እንዴት እንደሚቀጠር፣ መዋጮ ሲጐድል ምን እንደሚከተል የተማሩት እዚያ ነው። ሚኒስትር ሲሆኑ የኮሚቴ ሥራ ብርቅ አልሆነባቸውም።

በሚኒስትርነት

በ1929 በሌበር ፓርቲ ስም ከኤብ ቬል ወረዳ የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ፤ ይህንም ወንበር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም። በ1934 እሳቸውን የመሰሉ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ የፓርላማ አባል የነበሩትን ጄኒ ሊን አገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ቸርችልን በግልጽ ይነቅፉ ስለ ነበር ብዙ ሰው ጠልቷቸው ነበር።

ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው መስጠት ግን ደግ አይደለም። ሕዝብን በሙሉ የሚያክም ድርጅት እንዲኖር ሐሳቡ ቀደም ብሎ ሲብላላ ነበር። በተለይ በ1942 ዊልያም ቤቨሪጅ የተባሉ ሰው ያወጡት ሪፖርት አገሩን በሙሉ አነጋግሯል። የጐደለው ሐሳቡን ከወረቀት አውርዶ በሥራ ላይ የሚያውል ሰው ነበር። በ1945 ሌበር ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ቤቫንን የጤና ሚኒስትር አደረጓቸው። የ47 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከካቢኔው አባሎችም በዕድሜ ትንሹ።

በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤቶቹ ሁለት ዐይነት ነበሩ። አንደኛው በበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚተዳደረው ሲሆን፣ ሁለተኛው በየከተማው ምክር ቤት የሚተዳደረው ነው። ሀብታም ሰፈር ያለው ጥሩ ሐኪም ሲያገኝ፣ ድኻ ሰፈር ያለው ሳይበቃው ይቀር ነበር። ቤቫን ያመጡት ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነው። በእንግላንድና በዌልስ ያሉት ከ2,600 የሚበልጡ ሐኪም ቤቶች ሁሉ ወደ ሕዝብ ንብረትነት ይዛወሩ፤ ወጪው በአብዛኛው መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር ይሸፈን፤ ታማሚው ግን በሩ ላይ ምንም አይጠየቅ የሚል ነው። ሀብታምም ድኻም፣ ሥራ ያለውም የሌለውም እኩል ይታከም፤ የድኽነት ማስረጃ አምጣ የሚባልም አይኖርም ማለታቸው ነው።

ተቃዋሚው ብዙ ነበር። ከራሳቸው ካቢኔ ውስጥ ሄርበርት ሞሪሰን ሐኪም ቤቶቹ ከከተማ ምክር ቤቶች እጅ መውጣት የለባቸውም ብለው ተከራከሩ። በፓርላማ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሕጉን በመቃወም ድምፅ ሰጠ። ሆኖም ሕጉ በኖቬምበር 1946 ጸደቀ። ከሁሉ የከፋው ግን የሐኪሞቹ ማኅበር ተቃውሞ ነው። በ1948 መጀመሪያ ላይ፣ ሥራው ሊጀመር አምስት ወር ሲቀረው፣ ሐኪሞቹ ድምፅ ሲሰጡ ከ10ሩ 9ኙ ያህል አንገባም አሉ። የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነን ነፃነታችንን እናጣለን የሚል ፍርሃት ነበረባቸው።

ታዲያ ቤቫን ምን አደረጉ? ዋናውን ነገር አጥብቀው ያዙ፤ በቀረው ተደራደሩ። ከፍተኛ ሐኪሞቹ በሕዝብ ሐኪም ቤት ጥሩ ደመወዝ እየተከፈላቸው ጐን ለጐን የግል በሽተኞችን እንዲያዩ ፈቀዱላቸው። የሰፈር ሐኪሞቹ ደግሞ የመንግሥት ተቀጣሪ ሳይሆኑ፣ በስማቸው በተመዘገበው ሕዝብ ብዛት ልክ እንዲከፈላቸው ተስማሙ። ከወዳጆቻቸው መካከል ለሀብታም ሐኪሞች እጅ ሰጠ ብለው ያሟቸው ነበሩ። እውነትም የተዉት ነገር ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ያለ ሐኪም ሐኪም ቤት የለም። ድኻው በነፃ እንዲታከም ሲሉ ሀብታሙን ሐኪም ማባበል ግድ ሆነባቸው።

ጁላይ 5 ቀን 1948፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ ሰኞ ቀን፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ሥራውን ጀመረ። ቤቫን በዚያ ቀን ማንቸስተር አጠገብ ባለው ፓርክ ሐኪም ቤት ተገኝተው ነበር። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ተብላ የተጐበኘችውም የ13 ዓመት ልጅ ናት። በዋዜማው ግን ቤቫን ባደረጉት ንግግር ተቃዋሚ ፓርቲውን በጣም በከፋ ስድብ ተሳድበው ስለ ነበር፣ ጋዜጣው ሁሉ ከሥራው ይልቅ ስድቡን ሲያወራ ሰነበተ። ያ የፈታ ምላስ አንዳንዴ ባለቤቱንም ያቃጥል ነበር።

በሩ ሲከፈት የታየው ነገር ጉድ የሚያሰኝ ነው። ለብዙ ዓመታት ሕመማቸውን ደብቀው የኖሩ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ እየጐረፉ መጡ። በሌላ ሰው አሮጌ መነጽር ሲያነቡ የኖሩ ሽማግሌዎች በልካቸው ተሠራላቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 5 ሚሊዮን ያህል መነጽር ታደለ። ጥርሳቸውን የጨረሱትም ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኙ። ሕዝቡ ይህን ያህል ሕመም ተሸክሞ ይኖር እንደ ነበረ ቀድሞ ያወቀ አልነበረም፤ የማይከፍል ሰው አይመጣምና አይቈጠርም።

ስለ ክፍያው የተነሣው ጠብ

ሕዝቡ ሲበዛ ወጪውም ከታሰበው በላይ ሆነ። ገንዘብ ሚኒስቴሩ ማጉረምረም ጀመረ። በ1949 ለመድኃኒት ማዘዣ ትንሽ ገንዘብ ማስከፈል የሚያስችል ሕግ ሲወጣ ቤቫን ሳይወዱ በግድ ተስማሙ፤ ሆኖም እሳቸው በጤና ሚኒስትርነት እስካሉ ድረስ ሥራ ላይ አልዋለም። በ1951 መጀመሪያ ወደ ሥራ ሚኒስቴር ተዛወሩ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ለኮሪያ ጦርነት ዘመን የጦር መሣሪያ ወጪ ገንዘብ ሲፈልጉ፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ሕዝቡ የዋጋውን ግማሽ ይክፈል የሚል በጀት አቀረቡ።

ከአገሪቱ በጀት ጋር ሲተያይ ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ቤቫን ግን ነገሩ የጥርስና የመነጽር ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ አንዴ ሳንቲም መጠየቅ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሃሮልድ ዊልሰንና ጆን ፍሪማን የተባሉ ሁለት ሚኒስትሮችም አብረዋቸው ለቀቁ። በዚህ የተነሣ ፓርቲያቸው ለሁለት ተከፈለ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫም ተሸነፈ። በ1952 ተተኪው መንግሥት ለመድኃኒት ማዘዣ 1 ሺሊንግ ማስከፈል ጀመረ።

ማን ትክክል ነበር? ይህን ለአንባቢ እንተዋለን። ጌትስኬልም የመንግሥት ሣጥን ታች እንዳለው ያወቁ ሰው ናቸው። ቤቫን ደግሞ ትንሽ የተባለች ክፍያ ማንን ከደጅ እንደምትመልስ ያወቁ ሰው ናቸው። የሳቸው የትውልድ አገር ዌልስ ከረጅም ዘመን በኋላ፣ በ2007፣ የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያን ፈጽማ አስቀርታለች።

ቤቫን ከዚያ ወዲያ ወደ ጤና ሚኒስቴር አልተመለሱም። በ1957 ብሪታንያ ለብቻዋ የአቶም መሣሪያዋን ትተው የሚለውን ሐሳብ በመቃወማቸው የቅርብ ተከታዮቻቸው ሳይቀሩ አዘኑባቸው። በ1959 የፓርቲያቸው ምክትል መሪ ሆኑ። ጁላይ 6 ቀን 1960 በሆድ ካንሰር ሕመም በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። የጤና አገልግሎቱ 12 ዓመት በሞላው ማግሥት መሆኑ ነው። በአገራቸው ልማድ አስከሬናቸው ተቃጥሎ ዐመዱ ከትሬዲጋር በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ተበተነ፤ በልጅነታቸው አንደበታቸውን ባፍታቱባቸው ተራሮች ላይ። በዚያው አካባቢም የመታሰቢያ ድንጋዮች ቆመውላቸዋል።

ያቋቋሙት አገልግሎት ዛሬም አለ። ችግር የለበትም አንልም፤ በቅርብ ዓመታት ሰው ወረፋ በመጠበቅ ሲማረር ይሰማል። ቢሆንም ሰው ሐኪም ዘንድ ለመታየት ቦርሳውን አይመለከትም።

ለኛ የሚሆነን

ከዚህ ታሪክ ለጉባኤያችን የሚሆን ሁለት ሦስት ነገር እናገኛለን።

መጀመሪያ፣ ገንዘብ የሚዋጣው በጤና ጊዜ ነው። በሽተኛ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ በየቤቱ እየዞሩ መለመን በሽተኛውንም ለማኙንም ያሳፍራል። ዕድራችን ለሞት ይህን አስተካክሎ ይዞታል። በሕመም ግን እስከ ዛሬ በእርጥባን ነው የምንኖረው።

ሁለተኛ፣ ሸክም የሚቀለው ተሸካሚው ሲበዛ ነው። እዚህ ላይ መዋሸት የለብንም። ቀብር የሚያስወጣው ወጪ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሕመም ግን አይታወቅም። አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ቢገጥመን የዕድራችን ሣጥን በአንድ ጊዜ ይራቆታል፤ ያኔ ለቀብርም ለሕክምናም ሳንሆን እንቀራለን። ትሬዲጋርም ከደመወዝ የሚቈረጥ መዋጮ ነበራትና ደመወዝ ሲያንስ መዋጮውም ያንሳል። ቤቫን የከተማቸውን ማኅበር ወደ አገር ማስፋት የፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በኛም አገር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ዕድራችን ራሱ ሐኪም ቤት ልሁን ከሚል ይልቅ፣ ዓመታዊውን የጤና መድን ክፍያ መክፈል ላቃተው አባል ቢከፍልለት፣ ለካርድና ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ለይቶ ቢያስቀምጥ እንደሚሻል ይሰማናል። ይህ የኛ አስተያየት ነው፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ሦስተኛው ነገር የክብር ጉዳይ ነው። በትሬዲጋር አባል የታከመው ለምኖ ሳይሆን መብቱ ስለ ሆነ ነው። እኛም የምንረዳው አባል ስሙ በየቤቱ የሚነሣ፣ በሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ መሆን የለበትም። ገንዘብ ያዡና ዳኛው ብቻ ቢያውቁት ይበቃል።

እስቲ ሁላችንም ከጉባኤው በፊት በየቤታችን እናስብበት። አባቶቻችን ሬሳ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብለው ዕድርን መሠረቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ደግሞ ሰው ሐኪም አጥቶ ቀድሞ ሬሳ እንዳይሆን ብንጨምርበት፣ የጀመሩትን ሥራ ወደፊት ገፋንላቸው እንጂ አላፈረስንባቸውም።

ለከርሞ በደኅና ያገናኘን። ጡሩምባውንም ያሳርፍልን።